የልብስ ሰፊው ጡንቻ
ስለ ዳሌ መታሰርና ስለ መፍታቱ



በሐረር ከተማ፥ በጁገል ግንብ ውስጥ፥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። በግራና በቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች በእግር የሚዘወረውን የስፌት መኪና ሲያሽከረክሩት ከሚሰማው ድምፅ የተነሣ መንገዱ «መኪና ግርግር» ተብሎ ተሰይሟል። ከአቦከርም ሆነ ከሌላው ሰፈር ለገበያ የሚመጣ ሰው በዚያ ሲያልፍ የጨርቁን ቀለም ይመለከታል እንጂ የሰፊውን አቀማመጥ ልብ ብሎ አያይም። የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ አቀማመጡ ነው።

በሰው አካል ካሉት ጡንቻዎች ሁሉ በርዝመት የሚበልጠው፥ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ ተነሥቶ፥ ጭንን በሰያፍ አቋርጦ፥ ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል የሚያርፍ ቀጭን ጡንቻ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ «ሳርቶርየስ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ልብስ ሰፊ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። የጥንት ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን አጣጥፈው ሲሠሩ ጭንን ከሚያጥፉትና ወደ ውጭ ከሚያዞሩት ጡንቻዎች አንዱ እርሱ ስለሆነ ይህን ስም አገኘ ይባላል። እንግዲህ የሠራተኛው አቀማመጥ በሰው ሁሉ አካል ላይ ስሙን ጽፎ ማለፉን ከዚህ እንረዳለን።

አቀማመጥ የሚተወው ግን ስም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣልያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ በሞዴና ከተማ አሳተመ። ተቀምጠው ስለሚሠሩ ሰዎች በተናገረበት ክፍል፥ ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን አጥፈው ሲውሉ እንደሚደነዝዛቸው፥ ዳሌያቸውንም እንደሚያማቸው ያስረዳል። በማኅበራቸው በዓል ቀን ሁለት ሁለት ሆነው በሰልፍ ሲሄዱ ጎብጠውና ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ መታየታቸውንም ይገልጣል። ምክሩን ሲሰጥም፥ ሌላው ቢቀር በበዓል ቀን ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያሠሩ ያሳስባል።

ይህ ምክር ከተሰጠ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዛሬው ዘመን ግን መርፌ ይዘን የማናውቀው ሰዎች ሁሉ በልብስ ሰፊ አቀማመጥ መኖር ጀምረናል። ጸሐፊው ከጠረጴዛው፥ ነጂው ከመሪው፥ ተማሪው ከወንበሩ፥ ነጋዴው ከሱቁ ሳይነሣ ይውላል። ከነዚህ ሰዎች አንዱ በሳምንቱ መጨረሻ ማልዶ ተነሥቶ ሶምሶማ ሊሮጥ ይወጣል። ጥቂት እንደ ሄደ ብሽሽቱ ይያዛል፥ ወገቡ ይጠብቃል፥ እርምጃው ያጥራል። በሁለተኛው ሳምንትም እንደዚያው ይሆንበታል፤ በሦስተኛው ሳምንት «እንግዲህ አርጅቻለሁ» ብሎ ጫማውን ከአልጋው በታች ይጥለዋል። ይህ ንግግር የተዘጋጀው ያ ሰው ጫማውን መልሶ እንዲያነሣ ነው።

ነገሩ ከምን እንደሚመጣ እንመልከት። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል። ከወገብ አከርካሪና ከዳሌ አጥንት የውስጥ ገጽ የሚነሡ ብርቱ ጡንቻዎች በብሽሽት በኩል አልፈው ከጭኑ አጥንት ላይ ይያያዛሉ፤ ሥራቸውም ጭንን ወደ ላይ ማንሣት ነው። ሰው ሲቀመጥ እነዚህ ጡንቻዎች አጥረው ይቆያሉ። ሲሮጥ ግን አንደኛው እግር ከግንዱ ወደ ኋላ መዘርጋት ስላለበት እነርሱም መርዘም ይገባቸዋል። እነርሱ እንቢ ሲሉ ወገብ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ይጎብጥና የዳሌን ዕዳ ይከፍላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወገቤ ታመመ የሚለው ሯጭ በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው ዳሌውን ነው።

በዚህ ረገድ የሐረር የጥንት ቤት አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ጊዲር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ አምስት ነደባዎች አሉ። የቤቱ ሰውና እንግዳው በየማዕርጋቸው በምንጣፍ ላይ ይቀመጡባቸዋል። በዚህ ቤት የሚኖር ሰው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ነደባው እንደሚወጣ፥ ስንት ጊዜ እግሩን አጥፎ ዝቅ እንደሚልና ያለ ክንድ ማስደገፊያ እንደሚነሣ ብትቈጥሩ፥ ማንም ሳያዘው ዳሌውን በሙሉ ስፋቱ ሲያሠራ መዋሉን ታያላችሁ። ወንበርና ሶፋ ይህን የዕለት ሥራ ከእኛ ወሰዱት።

ነገር ግን የጥንቱን ከማመስገን የተነሣ እውነቱን እንዳንሰውር ያስፈልጋል። ነደባው በራሱ መድኃኒት አይደለም። ከቀትር በኋላ ለጫት ወግ ተቀምጦ፥ በአንድ ጎኑ ተደግፎ፥ እስከ ማታ ሳይነሣ የሚቆይ ሰው በወንበር ላይ ከዋለው ሰው የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ከመነሣቱና ከመቀመጡ፥ ከመውጣቱና ከመውረዱ ነው። ዳሌን የሚያስረው በአንድ ሁኔታ ረግቶ መቆየት ነው።

የታሰረውን አካል በሥርዓት ማፍታታት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ተቋም መሠረተ። የስዊድን መኮንኖች ወደ አገራችን መጥተው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም የክቡር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነንም ከዚሁ አገር ነበሩ። የእርሳቸውም ስም ከአንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር ስም ጋር ተያይዞ በዓለም ታወቀ፤ ያም ወታደር አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶንን ማሸነፉን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ የሆነው ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ሲገባ፥ ሁለተኛ የወጣው ሯጭ ገና ከአራት ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። ተመልካቹ አበበ ተዝለፍልፎ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፥ እርሱ ወደ ሜዳው ሣር ሄዶ በጀርባው ተጋደመና እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ማሳሳብ ጀመረ። ሕዝቡም በአድናቆት ተመለከተው። ለድል አድራጊው ሩጫው በመጨረሻው መሥመር ላይ አላለቀም ነበር፤ የሠራውን አካል በሥርዓት ማሳረፍም የሥራው ክፍል ነበረ።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ስለ ማሳሳብ የነበረውን እምነት በከፊል አጽንቶታል፥ በከፊልም አርሞታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የጭን የኋላ ጡንቻን 30 ሴኮንድ ዘርግቶ መያዝ በቂ መሆኑን፥ ወደ 60 ሴኮንድ ማራዘሙ ተጨማሪ ጥቅም አለማስገኘቱን አሳየ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ጦር 1,538 ምልምሎች ላይ የተደረገው ጥናት፥ ከልምምድ በፊት ጡንቻን ዘርግቶ መያዝ ከጉዳት እንደማያድን አመለከተ። እንዲያውም ከሩጫ በፊት ረጅም ጊዜ ዘርግቶ መያዝ የጡንቻን ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ ከሩጫ በፊት አካልን በእንቅስቃሴ ማሟሟቅ፥ ረግቶ መዘርጋትን ግን ከሩጫ በኋላ ወይም ለብቻው በሌላ ሰዓት ማድረግ ይሻላል።

አሁን ራሳችሁን መርምሩ። በ19ኛው ምእተ ዓመት በሊቨርፑል ይሠራ የነበረው ሐኪም ህዩ ኦወን ቶማስ የዳሌ በሽተኞችን የመረመረበት ዘዴ፥ ጥቂት ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከፍ ባለ ነደባ ወይም በጠንካራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ፤ አንደኛውን ጉልበት በሁለት እጃችሁ ወደ ደረታችሁ እቀፉ፤ ሌላውን እግር ወደ ታች ልቀቁት። የተለቀቀው ጭን ከተኛችሁበት ጋር እኩል እስኪሆን ካልወረደና ተንጠልጥሎ ከቀረ፥ የፊተኛው የዳሌ ጡንቻ አጥሯል ማለት ነው። ጭኑ በደንብ ከወረደ ግን «ታስሬአለሁ» የሚለው ስሜት ከጡንቻ ድካም የመጣ ሊሆን ስለሚችል፥ ከማሳሳብ ይልቅ ማጠንከር ይጠቅማችኋል።

ሥራውም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከሩጫ በፊት ግድግዳ ይዛችሁ እያንዳንዱን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሥር አሥር ጊዜ በዝግታ አወዛውዙ፥ ጥቂትም ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከሩጫ በኋላ የታጠፈ ጋቢ አንጥፋችሁ በአንድ ጉልበት ተንበርከኩ፤ በተንበረከካችሁበት በኩል መቀመጫችሁን አጥብቁ፥ ወገባችሁን ሳታጎብጡ ሰውነታችሁን በጥቂቱ ወደ ፊት አስኪዱ፥ በብሽሽት ላይ መለስተኛ መወጠር ሲሰማችሁ 30 ሴኮንድ ቆዩ። ይህንም በየጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያም በጀርባችሁ ተኝታችሁ የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፉና የታችኛውን ጭን ወደ እናንተ ሳቡ፤ ይህ የመቀመጫን ጥልቅ ጡንቻዎች ያላላል። በመጨረሻም ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፥ እግራችሁን መሬት አስረግጣችሁ፥ ዳሌያችሁን ከመሬት አሥር ጊዜ አንሡ፤ ይህ ደግሞ ያጠነክራል። ከሁሉም በላይ በሥራ ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥታችሁ ጥቂት መራመድን አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። መወጠርና ሕመም አንድ አይደሉም። ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ስታቀርቡ በብሽሽት ውስጥ የሚቆነጥጥ ስለት ያለው ሕመም ቢሰማችሁ አታስገድዱት። የስዊስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው እንደገለጡት፥ በአንዳንድ ሰው የጭኑ ራስና የጉድጓዱ ጠርዝ ቅርጽ እርስ በርሱ ይጋጫል። አጥንትን በማሳሳብ ማርዘም አይቻልምና እንዲህ ያለ ሰው ሲታገል ራሱን ይጎዳል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፥ ማነከስ ወይም ትኩሳት ያለበትም ሰው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሜዳ አይሂድ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ለዓመታት የታሰረ ዳሌ በአንድ ጧት አይፈታም፤ ለጥቂት ሳምንታት በትዕግሥት መሥራትን ይጠይቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህንንም ያጠቃልላል። በመኪና ግርግር ያለው ልብስ ሰፊ መኪናው እንዳይነክስ ዘይት ያጠጣዋል፤ የሚያሽከረክረውን እግር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። እኛም እንደ እርሱ ነን። ይህን ጽሑፍ ተቀምጣችሁ ያነበባችሁ ሁሉ አሁን ብትነሡ፥ የመጀመሪያውን ልምምድ ጀመራችሁ ማለት ነው።