ከሰገነት የወረዱ የገና መዝሙሮች

ኅዳር ሲገባ ቤቴ ውስጥ የሚከፈት አንድ አልበም አለ። የሀል ከተማው የዋተርሰን ቤተሰብ በ1977 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣው የቆዩ የገናና የምስጋና መዝሙሮች ስብስብ ነው። ኖርማና ላል እህትማማቾች ነበሩ፣ ማይክ ወንድማቸው፣ ማርቲን ካርቲ ደግሞ የኖርማ ባል። በአልበሙ ዋናው መሣሪያቸው ጉሮሯቸው ነው። አንዱ ሲያነሣ ሌሎቹ ከላይና ከታች እየተቀበሉ፣ የአገራቸውን አነጋገር ሳይደብቁ በሙሉ ደረታቸው ይዘምራሉ። ይህን አዘማመር የወረሱት ከገጠር ዘማሪዎች ነው። የእነዚያን ዘማሪዎች ታሪክ የተረዳሁት ደግሞ በምኖርበት በሼፊልድ ነው፤ የመባረር ታሪክ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ፓርላማ የገናን በዓል ከልክሎ ነበር። በ1660 ዘውዱ ሲመለስ በዓሉም ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ከመዝሙረ ዳዊት በቀር እምብዛም አታስዘምርም ነበር። ደብሊን የተወለደው ባለቅኔ ናሆም ቴት የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን የእረኞች ሌሊት በግጥም ጻፈው፤ በ1700ም ከዳዊቱ ጋር በተጨማሪነት ታተመ። አጥቢያዎቹ ለረጅም ጊዜ በይፋ የተፈቀደላቸው የገና መዝሙር እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ግጥሙ አንድ ሲሆን ዜማው የየመንደሩ ሆነ። በ18ኛው መቶ ዘመን ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በምዕራብ በኩል የእንጨት ሰገነት ሠሩ። ጫማ ሰፊው፣ አናጢው፣ አንጥረኛው ቫዮሊንና ባሱን ይዘው እዚያ ይወጣሉ። ከመካከላቸው ዜማ የሚደርሱም ነበሩ። የካንተርበሪው ጫማ ሰፊ ቶማስ ክላርክ በ1805 ያሳተመው ዜማ ለእረኞቹ ግጥም ተስማምቶት ዛሬም ይዘመርበታል፤ የዮርክሸር ሰው ደግሞ በዚያው ዜማ ስለ ኢልክሊ ሜዳ ይዘፍናል።

የቢላዋና የመቀስ ከተማዋ ሼፊልድ በዚህ ታሪክ ልዩ ቦታ አላት። የጋዜጣ አዘጋጁ ጄምስ ሞንትጎመሪ ባሳተመው ጽሑፍ ሰበብ ሁለት ጊዜ ዮርክ ታስሯል። በ1816 የገና ዋዜማ አይሪስ በተባለው ጋዜጣው ላይ ያወጣው የመላእክት መዝሙር እስካሁን በዓለም ዙሪያ ይዘመራል። ወዳጁ ቄስ ቶማስ ኮተሪል አዲስ የመዝሙር መጽሐፍ ቢያስገቡ የገዛ ምእመናናቸው ተቃወሟቸው፤ ነገሩም በ1820 ዮርክ ካለው የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ደረሰ። ሊቀ ጳጳሱ መሐል ገብተው፣ መጽሐፉ ታርሞ በእሳቸው ፈቃድ ወጣ። ለአዲስ መዝሙር መንገዱ ተጠረገ።

የሰገነቱ ሰዎች ግን ከዚህ አልተጠቀሙም። በቪክቶሪያ ዘመን የተነሡ ቀሳውስት ሥርዓትና ጸጥታ ፈለጉ። ሰገነቱ ፈረሰ፣ ኦርጋን ገባ፣ ነጭ የለበሱ መዘምራን ከፊት ቆሙ። በ1861 የወጣው መዝሙር መጽሐፍ ለእረኞቹ ግጥም አንድ የረጋ ዜማ መረጠለት፤ አብዛኛው እንግሊዛዊ ዛሬ የሚያውቀው እሱን ነው። አባቱና አያቱ በአጥቢያቸው የተጫወቱት ደራሲ ቶማስ ሃርዲ፣ በ1872 ባሳተመው ልብ ወለድ የእነዚህን ሙዚቀኞች ስንብት ጽፎታል።

ከሼፊልድ ወጣ ብለው ያሉ የኮረብታ መንደሮች ዜማቸውን ተሸክመው መጠጥ ቤት ገቡ። በደንግዎርዝ፣ በዎራልና በኤክልስፊልድ ከኅዳሩ የጦር ሙታን መታሰቢያ ሰሞን አንስቶ እስከ ገና ማግስት ይዘመራል። ለእረኞቹ ግጥም ብቻ በርካታ ዜማ አላቸው። አንደኛው ኦልድ ፎስተር ይባላል፤ እዚያው አቅራቢያ ሃይ ግሪን በኖረው በጆን ፎስተር ስም የሚጠራ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ደንግዎርዝ ሮያል ሆቴል የገባ ሰው መቀመጫ አያገኝም። ኦርጋኑ ጥግ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ብርጭቆውን እንደያዘ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። ሴቶቹ ስንኙን ሲጀምሩ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ይዘገያሉ፤ ከዚያ ያንኑ ቃል ከኋላ ደርሰው ይደግሙታል፣ ወለሉም ይነዝራል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት መጽሐፍ አልያዙም። የወፍራሙን ድምፅ ተራ ከየት እንደተማሩት ስጠይቃቸው፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጎን ቆመው እንደያዙት ነገሩኝ።

የባህል ተመራማሪው ኢያን ራስል ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በእነዚህ መጠጥ ቤቶች እየዞረ ቀርጿል፣ ኖታውንም አሳትሟል። ሥራው ትልቅ ባለውለታ ያደርገዋል። ነገር ግን መቅረጫውን ይዞ ሲደርስ ዜማው በሕይወት ነበር፤ መቶ ዓመት ያቆዩት ገበሬዎችና ብረት ሠራተኞች ናቸው።

እኔ ያደግሁት ማኅሌት በሚቆምበት ደብር ነው። የእኛ ድጓ ጠባቂ አለው፤ ተማሪው ዓመታት ደክሞ፣ ምስክሩን ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዶ ይወስዳል። የእረኞቻችን የገና ጨዋታ ዘፈን ግን ጉባኤ ቤትም መምህርም የለውም። በእሩር ሜዳ ላይ የሚወጣው ግጥም፣ ሁለቱ ወገን የሚወራረፉበት፣ የየአገሩ አዝማች የሚኖረው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ አባትዎ ወይም አጎትዎ የልጅነት የገና ዘፈናቸውን የሚያስታውሱ ከሆነ ዘንድሮ ያስዘፍኗቸው። በስልክዎ መቅረጽዎ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን እርስዎና ልጆችዎ አብራችሁ ተቀበሏቸው፤ ዘፈን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በተቀባይ ነውና።