ስለ ሎሚ አሲድ ታሪክ

ሎሚ ስንጨምቅ ምላሳችንን የሚቆነጥጠው ነገር ሲትሪክ አሲድ ይባላል። ይህን ከጭማቂው አጥርቶ ያወጣው በስዊድን አገር መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ካርል ሼሌ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1784 ነበረ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው።) ሼሌ በሎሚ ጭማቂ ላይ የጠመኔ ዱቄት ጨመረ፤ አሲዱም ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ዘቀጠ። ዝቃጩን ለይቶ ሰልፈሪክ አሲድ ቢያፈስበት ሲትሪክ አሲዱ ተለቀቀ፤ ውሃውም ሲተን ነጭ ክሪስታል ሆነ። የሰሌዳችን ጠመኔ ግን ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ስለ ሆነ ይህን ለመሞከር የምንፈልግ ሁሉ አንታለል።

ከዚያ በኋላ ንግዱ በኢጣሊያ፥ ይልቁንም በሲሲሊያ ደሴት በሎሚ አትክልተኞች እጅ ቆየ። በ1893 ጀርመናዊው ካርል ቬመር ሻጋታ ከስኳር ይህንኑ አሲድ እንደሚሠራ አገኘ፤ ነገር ግን ለፋብሪካ አላዋጣም። በ1917 አሜሪካዊው ጄምስ ከሪ አስፐርጊለስ ኒጀር የተባለውን ጥቁር ሻጋታ እጅግ በኮመጠጠ የስኳር ውሃ ላይ ቢያሳድገው ብዙ አሲድ ሰጠው፤ በዚያ ኮምጣጣ ውስጥ ሌሎች ተሐዋስያን እምብዛም ስለማይኖሩ ሥራው አልተበላሸበትም። በ1919 የፋይዘር ኩባንያ በብሩክሊን በዚሁ ዘዴ ማምረት ጀመረ። ለአሲድ ብሎ የሲሲሊያን ሎሚ የሚገዛም እያነሰ ሄደ። የሊቃውንቱን ስም ለፈተና የምናጠና እኛ ገበያው የጠፋበትን ያን አትክልተኛ መዝለላችን ትክክል አይመስለንም።

ዛሬ ሲትሪክ አሲድ በለስላሳ መጠጥ፥ በከረሜላ፥ በልብስ ሳሙና ይገባል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውንም ነጭ ቅርፊት ያሟሟል። አብዛኛው የሚመጣው ከሎሚ ሳይሆን ከሻጋታው ነው።