እጅ የምትለካ ከተማ

እኛ የቀዶ ሕክምና ነርሶች ሥራችን ከሐኪሙ ጎን ቆሞ እጁን ማየት ነው። የበሰለ እጅ መርፌ ሲይዝ ያስታውቃል። ጎንደርም ሳለሁ፣ ዛሬ ሲያትል ከቀዶ ሕክምና ሮቦት ክንዶች ጎን ስቆምም ይህ አልተለወጠም። ዓይናችን የሚያውቀውን በቁጥር ለማስቀመጥ ከደከሙት አንዳንዶቹ የዚችው ከተማ ሰዎች ናቸው።

ልምድን በቁጥር መከታተል ከአውሮፕላን ሥራ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1936 ቲ. ፒ. ራይት የተባለ መሐንዲስ፣ የተሠሩት አውሮፕላኖች ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ለአንዱ የሚፈጀው ጉልበት 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጻፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሲያትሉ ቦይንግ በቀን እስከ 16 ቢ-17 ቦምብ ጣይ ያወጣ ነበር። በፋብሪካ የጀማሪነት ዋጋ የሥራ ሰዓት ነው። በእኛ ክፍል ግን የሚከፍለው ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ነው።

በ1991 በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉ ቀዶ ሐኪሞች በካሜራ የተሠሩ 1,518 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምናዎችን መርምረው ውጤቱን አወጡ። በእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያዎቹ 13 ታካሚዎች ላይ የሐሞት ቱቦ ጉዳት 2.2 በመቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተሠሩት ላይ 0.1 በመቶ። የየቡድኑ የመጀመሪያ 13 ሰዎች ተራቸው ቀድሞ ስለደረሰ ብቻ ለበለጠ አደጋ ተጋልጠዋል። ይህ ቁጥር እስካሁን ያሳዝነኛል።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ብሌክ ሃናፎርድና ጄኮብ ሮዘን የተባሉ መሐንዲሶች ከቀዶ ሐኪሙ ከሚካ ሲናናን ጋር ሆነው በሐኪሞች መሣሪያ ላይ ኃይል የሚለካ ዳሳሽ ገጠሙ። ሐኪሞቹ የሠሩት በአሳማ ላይ ነበር። በ2001 ያሳተሙት ውጤት እኛ ነርሶች የምናየውን ነገር ይናገራል፦ ጀማሪው የውስጥ አካልን ይዞ ሲያነሳ ከነባሩ አብልጦ ይጫናል፤ ማላቀቅ ሲመጣ ግን እጁ ይፈራል፣ በዚያ የሚበረታው ነባሩ ነው። ቀጥለው ብሉ ድራገን የሚባል መለኪያ ሠርተው ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ዓመት ሠልጣኝ ሐኪሞችንና ነባር ሐኪሞችን ሲሰፉና ሲቋጥሩ ለኩ። ሬቨን የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦትም ከዚያው ቤተ ሙከራ ወጣ።

የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታሉ ቶማስ ሌንድቬይና ባልደረቦቹ ደግሞ በሮቦት ቋጠሮ ሲቋጠር የሚያሳይ ቪዲዮ ሐኪም ላልሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ሰጡ። በ2014 የታተመው ጥናት የእነዚያ ሰዎች ነጥብ ከሐኪሞቹ ነጥብ ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። እኔን አልገረመኝም፤ የተቸገረ እጅ ለማንም ይታያል።

መለካቱ ግን ብቻውን ማንንም አልጠበቀም። ከሲያትል ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ተሻግሮ ባለችው ብሬመርተን፣ በ2008 አንድ ሐኪም ያለ ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን የሮቦት ፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ታካሚው ክፉኛ ተጎዳ። የተነሳው የፍርድ ቤት ክርክር ዓመታት ፈጅቶ፣ በ2017 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሮቦቱ አምራች ስለ መሣሪያው አደጋ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የሚገዛውንም ሆስፒታል ማስጠንቀቅ አለበት ብሎ ወሰነ። ማን ሮቦቱን ይንካ ብሎ የሚፈቅደው ሆስፒታሉ ነውና ውሳኔው ትክክል ነው።

የአገሬ ሰዎች «በሮቦት እንሥራልህ አሉኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ብለው ሲደውሉልኝ፣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት እላለሁ፦ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በሮቦት ስንት ጊዜ ሠራህ? ስትጀምርስ ማን አጠገብህ ቆመ?