የካርታ ጨዋታና የተጫዋቾች ግንኙነት

የመጫወቻ ካርታ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ መነሻው ግብፅንና ሶርያን ይገዙ የነበሩት የማምሉኮች ግዛት እንደሆነ ይታመናል። በኢስታንቡል የቶፕካፒ ቤተ መዘክር የተቀመጡት የማምሉክ ካርታዎች የሰው ምስል የለባቸውም። በአራት ወገን የተከፈሉ ናቸው፦ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና ፈረሰኞች ኳስ የሚመቱበት ዱላ። በየወገኑ ከፍተኛውን ደረጃ የያዙት ንጉሥ፣ እንደራሴና ሁለተኛ እንደራሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1377 የፍሎረንስ ከተማ ጨዋታውን የሚገታ ደንብ ማውጣቷ ምን ያህል ቶሎ እንደተስፋፋ ያሳያል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ፈረንሳዮች ዛሬ የሚታወቁትን ቀላል ምልክቶች ሲያወጡ ካርታ ማተም ረከሰ፤ ጨዋታውም ከመኳንንት ቤት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ገባ።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ዊስት የተባለው ጨዋታ ነገሠ። ኤድመንድ ሆይል እ.ኤ.አ. በ1742 ስለ ዊስት ያሳተመው መመሪያም ብዙ አንባቢ አገኘ። በዊስት አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። ከዚህ የተወለደው ብሪጅ አጋርነትን ይበልጥ አጠበቀው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ጉዞ ላይ ሳለ ባሻሻለው ደንብ መሠረት፣ አጋሮች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በጨረታ ይነጋገራሉ። ለዚህ የተፈቀዱላቸው ቃላት 15 ብቻ ናቸው፦ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ቁጥሮች፣ አምስት የጨዋታ ዓይነቶችና ሦስት ምላሾች። ለዓመታት አብረው የተጫወቱ ሁለት ሰዎች በእነዚህ ጥቂት ቃላት ብዙ ይግባባሉ። ባልና ሚስት ከጎረቤት ባልና ሚስት ጋር የሚጫወቱበት የብሪጅ ምሽትም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ የተለመደ ማኅበራዊ ሥርዓት ሆነ።

ብቻን የሚጫወቱት ሶሊቴር በአንጻሩ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል፤ ዓለምን ያዳረሰው ግን ኮምፒውተር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ሲያወጣው፣ ለማውስ እንግዳ የነበረው ተጠቃሚ ካርታ እየጎተተ እጁን አፍታታበት። ካርታን በውዞ የሚያድለው ማሽኑ ሆነ፤ ለመጫወትም ሌላ ሰው መፈለግ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ ሰዎችን መልሶ አቀራረበ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚመጣው ራሱ በመረጣቸው ካርታዎች ስለሆነ፣ ግንኙነቱ የሚጀምረው ከጨዋታው በፊት፣ ካርታ በመገበያየትና በመለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዲጂታሉ ሃርትስቶን ይህን ልውውጥ አስቀረ። ተጋጣሚን በችሎታ አመዛዝኖ የሚያገናኘው ኮምፒውተሩ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዳይሰዳደቡም ንግግራቸው እንደ ሰላምታና ምስጋና ባሉ ስድስት የተዘጋጁ መልእክቶች ተወሰነ። እንደ ብሪጅ ሁሉ ንግግር ተገድቧል፤ ልዩነቱ በብሪጅ አጋሮቹ ከዓመት ዓመት አብረው ሲቆዩ፣ እዚህ ግን ተጋጣሚው በየጨዋታው መለወጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የወጣው ባላትሮ ደግሞ ተጋጣሚን ጨርሶ አስወገደ። ስሙን ያልገለጸ አንድ ካናዳዊ የሠራው ይህ ጨዋታ አንድ ወር ሳይሞላው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ተጫዋቹ በፖከር ደንብ ጥንድ፣ ተከታታይ ወይም ባለ አንድ ምልክት ካርታዎችን እያጣመረ ነጥብ ይሰበስባል። ደስታው ያለው የነጥቡን ስሌት በሚለውጡት 150 ጆከሮች ነው፦ አንዱ ነጥብን ይጨምራል፣ ሌላው ያባዛል፣ ሦስተኛው የጎረቤቱን ሥራ ይደግማል። ተስማሚዎቹ ሲገናኙ ደካማ የሚመስል ጥንድ ካርታ ከፍተኛ ውጤት ያስገኛል፤ ይህን ቅንብር ፈልጎ ማግኘት የጨዋታው ትልቁ እርካታ ነው።

ይህ የብቸኛ ሰው ጨዋታ እንኳ ለወዳጅነት በር አልዘጋም። የእያንዳንዱ ጨዋታ አበዋወዝ በስምንት ፊደላትና ቁጥሮች ኮድ ይታወቃል፤ ጓደኛሞች አንዱን ኮድ አስገብተው በአንድ ዓይነት ዕድል ብልሃታቸውን ማነጻጸር ይችላሉ። በብሪጅ ውድድርም ያንኑ እደላ በየጠረጴዛው እያዞሩ ማጫወት የቆየ ልማድ ነው። ዕድልን አስተካክሎ ችሎታን ብቻ ማወዳደር ከጠረጴዛ ወደ ስልክ የተሸጋገረ የካርታ ተጫዋቾች ፍላጎት ነው።