የሞተር ዘይት ምርጫ ለአሮጌ የጭነት መኪና

በናፍጣ ለሚሠራ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ይልቁንም ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ ለሚጠራው ለፊያት 682፣ የሚስማማውን ዘይት መምረጥ ውፍረቱንና የሚሠራበትን አየር ጠባይ አስተባብሮ መመልከትን ይጠይቃል። «15 ደብልዩ 40» ከሚለው ጽሕፈት የፊተኛው አኀዝ ዘይቱ በብርድ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚኖረውን ጠባይ ሲያመለክት፣ ባለ አንድ አኀዙ 40 ግን በቆላ ሐሩር መልካም ሆኖ ሳለ፣ በደብረ ብርሃን ንጋት እጅግ ይወፍርና ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ በዚያች ጥቂት ቅጽበት ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ስለዚህ ለደጋ ተመላላሽ ባለ ሁለት አኀዙ ይመረጣል። የፒስተኑ ፋሻ ተበልቶበት ለሚጨስ ሞተር ወፍራም ዘይት መጨመር ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አይፈውስም። ዘይቱ ቶሎ ቢጠቁር ጥቀርሻውን አጥቦ መያዙን ይመሰክራልና አያስነቅፍም፤ ወተት መስሎ ከነጣ ግን ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩን ማስነሣት ከቶ አይገባም።