ተስቦ እና የአንጀት ተስቦ

የሰሊጥ አጨዳው ሲያልቅ የአክስቴ ልጅ ትኩሳት ይዞት ገንዳ ውሃ ገባ። ክሊኒክ ሄዶ ተመረመረና የውጤት ወረቀቱን አጣጥፎ መጣ። «ምን አሉህ?» ስለው፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለኝ። ልክ ሻይና ዳቦ እንደሚባለው! እስቲ እውነቱን እናውራ፤ ከመካከላችን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያልጠራ ማን አለ?

አማርኛችንም ቢሆን አላገዘንም። ታይፈስ «ተስቦ»፣ ታይፎይድ ደግሞ «የአንጀት ተስቦ» ነው። ለሰሚው ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ይመስላሉ። የሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም። በወረርሽኝ የሚነሳውን ተስቦ ቅማል ያስተላልፈዋል፤ የአንጀት ተስቦ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። ዛሬ የሚታዘዝላቸው መድኃኒትም ይለያያል።

ጥፋቱን ለአማርኛ ብቻ መስጠት ግን ግፍ ነው። ፈረንጅም ለዘመናት ተምታቶበት ኖሯል፤ «ታይፎይድ» ማለት ራሱ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ፒየር ልዊ የተባለ የፓሪስ ሐኪም በ1829 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ስለዚህ በሽታ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ርዕሱ ላይ የበሽታውን ስሞች መደርደር ነበረበት። አንዱ ሐኪም በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይጠራዋላ! ልዊ ግን የሞቱትን እየከፈተ ሲመረምር በቀጭን አንጀት ታችኛው ክፍል ላይ አንድ ዓይነት ቁስል ደጋግሞ አየ። ተማሪው የነበረው አሜሪካዊው ዊልያም ገርሃርድ ደግሞ በ1836 ፊላደልፊያ ውስጥ ታይፈስ ሲገባ ያንኑ ቁስል ፈለገ። አጣው። በ1837 ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ጻፈ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የለንደኑ ዊልያም ጄነርም ይህንኑ አጸና። እንግዲህ «የአንጀት» የምትለው ቃላችን የዚያን ሁሉ ሬሳ ምርመራ ታሪክ ተሸክማለች ማለት ነው።

ያኔ የታማሚን አንጀት ለማየት ሞቱን መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ በቁሙ ይታያል። ካሜራ የተገጠመላት፣ 26 ሚሊ ሜትር የምትረዝም እንክብል በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደች። ታማሚው ይውጣታል፤ እሷም በአንጀቱ እያለፈች 50,000 ያህል ፎቶ ታነሳለች።

ፎቶው ሲመጣ ታዲያ የልዊ ዘመን ጣጣ ተመለሰ… ያችኑ ቀይ ነጥብ አንዱ ባለሙያ «የሰፋ የደም ሥር»፣ ሌላው «መቅላት» ይላታል። መላላጥ የት አልቆ ቁስለት የት ይጀምራል? የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ያን ሁሉ ፎቶ አያይም፤ የሚያነበው ሪፖርት ላይ የተጻፈችውን ቃል ነው። በ2005 የጋራ የቃላት ዝርዝር ቀረበ፤ አልበቃም። በ2019 እና በ2020 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች መጀመሪያ ለደም ሥር ምልክቶች፣ ቀጥሎ ለቁስለቶች ስምና ፍቺ በድምፅ ወሰኑ፤ እስኪስማሙ ድረስ በዙር እየደጋገሙ። ሳይንስ በድምፅ ብልጫ መሆኑን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ምን መንገድ አለ? ፎቶው ስሙን አይናገር!

የስም ስህተት ምን እንደሚያስከፍል እኛም አገር ታይቷል። ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው ያረግፍ የነበረው በሽታ በ1997 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ካላ አዛር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ «መድኃኒት የተላመደ ወባ» ነበር የተባለው። ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩም ተገምቷል። የተሳሳተ ስም የያዘ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ይወስዳል፤ ትክክለኛው እስኪመጣ ድረስ በሽታው አይጠብቀውም።

የአክስቴን ልጅ ወረቀት ተቀብዬ ደግሜ አየሁት። እነዚያ የደም ምርመራዎች አንጀት ውስጥ ቁስል አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም ስሞች ፊት ለፊት «ፖዘቲቭ» ተጽፏል። የሁለቱንም መድኃኒት ዋጠ፤ ዳነ። የትኛው ይዞት እንደነበር ግን እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ።