ምኵራብና በዓላተ አይሁድ፦ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ደስታው እንዴት ኖረ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት «ምኵራብ» ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል ጌታችን ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ያስወጣበትን ታሪክ ይነግረናል (ዮሐ. 2፥12-25)። ይህ የሆነው በኢየሩሳሌም በነበረው ቤተ መቅደስ ነው። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ስም መጥራት ስለ ለመድን ልዩነታቸውን ልብ አንለውም። ልዩነታቸውን ላስተዋለ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። መሥዋዕት የሚቀርብበት ያ አንድ መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ሲፈርስ፣ ከእርሱ ጋር ተሳስረው የነበሩት በዓላት ስለ ምን አብረው አልጠፉም? የአይሁድ ሕዝብ መሠዊያ በሌለበት ዘመን በምን ደስ ይለው ነበር? መልሱን ከታሪክ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቅደስ እና ምኵራብ

ቤተ መቅደስ አንድ ነበር፤ ምኵራብ ግን አይሁድ በሰፈሩበት ከተማ ሁሉ ይገኝ ነበር። በመቅደሱ ካህናት መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር፤ በምኵራብ ደግሞ ሕዝቡ በየሰንበቱ ተሰብስቦ ኦሪትንና ነቢያትን ያነብብ፣ ትርጓሜውን ይሰማ፣ ይጸልይ ነበር። ጌታችን እንደ ልማዱ በሰንበት ቀን በናዝሬት ምኵራብ ገብቶ የኢሳይያስን መጽሐፍ አንብቧል (ሉቃ. 4፥16)። ቅዱስ ጳውሎስም በጲስድያ አንጾኪያ ከንባቡ በኋላ በምኵራቡ አለቆች ግብዣ አስተምሯል (የሐዋ. 13፥14-15)።

ምኵራብ ከንባብና ከጸሎት በተጨማሪ የእንግዳ ማረፊያም ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢየሩሳሌም በተደረገ ቁፋሮ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ካህንና የምኵራብ አለቃ የነበረው ቴዎዶጦስ ምኵራብ እንዳሠራ ይገልጻል። ዓላማውም ሕግ እንዲነበብበትና ትእዛዛት እንዲሰጡበት ነው፤ ከዚህም ጋር ከሩቅ አገር ለሚመጡ ሰዎች ማደሪያ ክፍሎችንና ውኃ አዘጋጅቷል። ብዙ ሊቃውንት ጽሑፉ መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት የተቀረጸ ነው ይላሉ። ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው መንገደኛ ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ቤት ነበረው ማለት ነው።

የደስታ ትእዛዝ

በኦሪት ደስታ ለእያንዳንዱ ስሜት የተተወ ነገር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ስለ በዓለ ሠዊትና ስለ በዓለ መጸለት በተጻፈው ሕግ የቤቱ ባለቤት ደስ እንዲለው የታዘዘው ከወንድና ከሴት ልጁ፣ ከአገልጋዮቹ፣ ከሌዋዊው፣ ከመጻተኛው፣ ከድኃ አደጉና ከመበለቲቱ ጋር ነው (ዘዳ. 16፥9-15)። እርሻ የሌለው ሌዋዊ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ፣ ባል የሌላት ሴት በስም ተጠርተው በበዓሉ ተካተዋል።

ይህ ሕግ በተግባር የታየበት አንድ ታላቅ ቀን አለ። ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሰ በኋላ፣ በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ዕዝራ በውኃው በር አደባባይ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ሕጉን አነበበ፤ ሌዋውያንም ትርጉሙን አስረዱ። ሕዝቡ የሰማው ከኖረበት ሕይወት ጋር አልገጥም ቢለው አለቀሰ። ነህምያና ዕዝራ ግን ልቅሶውን አስተዉት፤ እንዲበሉ፣ እንዲጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጁትም ድርሻቸውን እንዲልኩ አዘዙ (ነህ. 8፥1-12)። ንባብ፣ ትርጓሜና ለድኃ የሚላክ ድርሻ በአንድ ቀን ተገናኙ። በኋላ በምኵራብ የምናገኘው የበዓል ሥርዓት ሁሉ በዚያ አደባባይ ጥላው ይታያል።

ጨረቃን ያዩ ምስክሮች

የዕብራውያን ወር በጨረቃ ይቆጠራል። ስለዚህ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ለማወቅ አስቀድሞ ሠርቀ ወርኅን ማየት ያስፈልጋል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር ይነግረናል። አዲስ ጨረቃ ያዩ ምስክሮች በኢየሩሳሌም ወደ ነበረ አንድ ሰፊ ግቢ ይመጣሉ፤ የሸንጎው ዳኞች አንድ በአንድ ይመረምሯቸዋል። በሌላ ጊዜም ለመምጣት እንዲተጉ ታላቅ ማዕድ ይዘጋጅላቸው ነበር። ምስክርነቱ ሲጸና በደብረ ዘይት ራስ እሳት ይለኮሳል፤ ያን ያዩ በሚቀጥለው ተራራ ይለኩሳሉ፤ ወሬው እንዲህ እየተቀባበለ እስከ ባቢሎን ምርኮኞች ይደርስ ነበር። ሌሎች ሰዎች ሐሰተኛ እሳት እያነደዱ ቢያሳስቱ በእሳቱ ፈንታ መልእክተኞች መላክ ተጀመረ። መልእክተኛው በጊዜ የማይደርስባቸው ሩቅ ማኅበራት ስሕተትን ፈርተው አንዱን በዓል ሁለት ቀን ማክበር ለመዱ።

ከዚህ እንደምንረዳው የቀን አቆጣጠሩ ራሱ የማኅበር ሥራ ነበር። እረኛውም ነጋዴውም ያየውን ይዞ ሲመጣ የሕዝቡ ሁሉ በዓል በቃሉ ይወሰን ነበር።

ከ70 ዓ.ም. በኋላ

መቅደሱ በጥጦስ ሠራዊት ከተቃጠለ በኋላ የሕግ መምህራን በያብኔ ከተማ ተሰበሰቡ። ከእነርሱም ዋናው ዮሐናን ልጅ ዘካይ ነበር። ሚሽና የእርሱን ሥርዓት ሲያወሳ እንዲህ ያለ ነገር ይነግረናል፦ ቀድሞ የዘንባባው ዝንጣፊ በበዓለ መጸለት በመቅደሱ ሰባት ቀን፣ በሌላው አገር ግን አንድ ቀን ብቻ ይያዝ ነበር። መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ለመታሰቢያው በየአገሩ ሁሉ ሰባት ቀን እንዲያዝ ወሰነ። ደስታው ከፍርስራሹ ወጥቶ ወደየምኵራቡ ተከፋፈለ ማለት ነው። ኀዘኑም አልተረሳም፤ የመቅደሱ መፍረስ በአቭ ወር በ9ኛው ቀን በጾምና በሰቆቃወ ኤርምያስ ንባብ ይታሰባል።

ሸንጎው በስደት ሲዳከም በምስክር ፈንታ ስሌት ተተካ። የአይሁድ ትውፊት ይህን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለዳግማዊ ሂሌል ይሰጣል። ስሌቱ በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር እየጨመረ ፋሲካ ከጸደይ እንዳይወጣ ይጠብቃል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ቍጥር ሲሰማ አይደነቅም፤ ንዑስ ቀመራችንም 19 ዓመት ነውና። «መጥቅዕ» የምንለውም ስም በሰባተኛው ወር መባቻ መለከት የሚነፋበትን ያን በዓል ያስታውሰናል።

በምኵራብ የተገኘ ማኅበር

በእስክንድርያ ስለ ነበረው ታላቅ ምኵራብ ታልሙድ የሚተርከው አለ። ከስፋቱ የተነሣ የአንባቢው ድምፅ ስለማይሰማ፣ ሕዝቡ «አሜን» የሚልበትን ጊዜ በመካከል የቆመ ሰው ጨርቅ እያውለበለበ ያሳውቅ ነበር። ወርቅ ሠሪው፣ ብር ሠሪው፣ አንጥረኛውና ሸማኔው በየሙያቸው ይቀመጡ ነበር። ድኃ መንገደኛ ሲገባ የሙያ ባልንጀሮቹን ለይቶ ከእነርሱ ጋር ይቀመጣል፤ የእርሱና የቤተ ሰቡ እንጀራም ከዚያ ይገኝለታል። በዚያችው ከተማ፣ ፊሎን እንደ ጻፈው፣ ሰብዓ ሊቃናት መጻሕፍትን ወደ ግሪክ የተረጐሙበት መታሰቢያ በየዓመቱ በፋሮስ ደሴት ይከበር ነበር። አይሁድም ሌሎችም ተሻግረው ያመሰግናሉ፤ ከዚያም በባሕሩ ዳር ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ይመገባሉ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገሊላ አቅራቢያ በቤት አልፋ በተሠራው ምኵራብ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ በወለሉ ላይ በቀለም ጠጠር ተሥሏል፤ በመካከል 12ቱ የከዋክብት ምልክቶች፣ በማዕዘናቱ አራቱ ክፍላተ ዓመት ይታያሉ። ምእመኑ ለጸሎት ሲቆም ዓመቱ ከእግሩ ሥር ነበር።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንገደኛው የቱዴላው ብንያም በግብፅ ሁለት ምኵራቦችን አገኘ። የባቢሎን ወገኖች ኦሪትን በአንድ ዓመት ሲፈጽሙ የኢየሩሳሌም ወገኖች በሦስት ዓመት ይፈጽማሉ። በዚህ ቢለያዩም በበዓለ ሠዊትና «የኦሪት ደስታ» በሚባለው በዓል ግን አብረው ይጸልዩ እንደ ነበር ጽፏል። የንባብ ልዩነታቸውን ሳይተዉ የበዓሉን ደስታ አንድ አደረጉት።

በአገራችንም ቤተ እስራኤል በጎንደርና በሰሜን አካባቢ ለዘመናት ስግድን ሲያከብሩ ኖረዋል። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ቀሳውስቱ ኦሪትን ይዘው፣ ሕዝቡም እየጾመ ከተራራ ይወጣሉ። ንባቡ ከነህምያ መጽሐፍም ይጨምራል፤ የኪዳን እድሳት ነውና። ጸሎቱ ሲፈጸም በዝማሬ ወርደው ማዕድ ይቋደሳሉ። ከየመንደሩ ተራርቆ የሚኖር ዘመድ የሚገናኘው በዚያ ቀን ነበር። ስግድ በ2008 ዓ.ም. በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ የአገር በዓል ሆኖ ታውቋል።

ምን እንማራለን?

እኛ በዓላችንን የምናከብረው በክርስቶስ ፋሲካነት ነው፤ በዓለ ሃምሳም በመንፈስ ቅዱስ መውረድ ተፈጽሞልናል። ነገር ግን ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት በአንድነት ተሰብስበው ሳለ፣ ከየአገሩም የመጣ ሕዝብ ለበዓል በኢየሩሳሌም ባለበት ቀን እንደ ሆነ አንርሳ (የሐዋ. 2፥1-11)። ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የተመለሰው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የዚያ መንገድ መንገደኛ ነበር (የሐዋ. 8፥27)።

ዛሬ በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን በዓሉን በየቤታችን በር ዘግተን፣ ወይም ቅዳሴውን ሰምተን ከማንም ጋር ሳንነጋገር በመመለስ እናሳልፈዋለን። አባቶቻችን ግን የማኅበር ጽዋ፣ ጸበል ጻዲቅና የበዓል ማዕድ አውርሰውናል፤ እነዚህ ሁሉ ሌዋዊውንና መጻተኛውን የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ለሚመጣው በዓል መዝሙር ስናጠና የስም ዝርዝርም እናዘጋጅ፦ ከገጠር መጥቶ ብቻውን የተከራየው ተማሪ፣ ልጆቿ የራቁባት እናት፣ በቅርቡ ሐዘን የገባበት ቤት፣ በአጥቢያችን አዲስ የሆነው እንግዳ። ከቅዳሴ በኋላ ድርሻቸውን ይዘን ወደ እነርሱ እንሂድ፤ የሚችሉትንም ወደ ማዕዱ እንጥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።